አስከሬን ማቆያ ወይስ ቀብር አስፈጻሚ? መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

ሰው ሲያርፍ፣ ገና ዜናው ለዘመድ ሳይደርስ፣ አንድ ሰው መጥቶ «አስከሬኑ የት ይወሰድ?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት መልስ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ብዙው ቀድሞ ስልክ ያነሳለትን፣ ወይም አንድ የሚያውቀው ሰው «እነሱ ጥሩ ናቸው» ያለውን ይዞ ይሄዳል። በኋላ ሒሳቡ ረጋ ተብሎ ሲታይ ላላስፈለገ ነገር ተከፍሏል፣ የሚያስፈልገው ደግሞ ሳይደረግ ቀርቷል። ይሄን የምጽፈው ለዚያ ሰዓት ነው። ዛሬ፣ ማንም ሳይሞትባችሁ ብታነቡት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ልዩነቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። አስከሬን ማቆያ ሟቹን ይጠብቃል፤ ቀብር አስፈጻሚ ቤተሰቡን ያገለግላል። ማቆያው አስከሬኑ የማን እንደሆነ፣ በምን እንደሞተ፣ ለማን መሰጠት እንዳለበት የሚያጣራ፣ እስከዚያው ድረስም በቅዝቃዜ የሚያቆይ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ በሆስፒታል ወይም በመንግሥት ሥር ነው። ቀብር አስፈጻሚው ደግሞ ከማቆያው በር ጀምሮ እስከ መቃብሩ ወይም እስከ ማቃጠያው ድረስ ያለውን ሁሉ በክፍያ የሚያሰናዳ ድርጅት ነው። አጠባ፣ ልብስ፣ ሳጥን፣ መኪና፣ ወረቀት፣ የስንብት ሥነ ሥርዓት፣ ሁሉም የሱ ነው።

ግራ የሚያጋባው ታፔላው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም ስም (በእንግሊዝኛ mortuary እና funeral home) ለአንድ ዓይነት ድርጅት ይውላል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ማቆያ ከተባለ በአብዛኛው የሆስፒታል ወይም የመንግሥት ክፍል ነው። ስለዚህ ስሙን ተዉትና አንድ ነገር ጠይቁ፦ «አስከሬኑ ዛሬ ማታ የሚያድረው የት ነው? በስንት ዲግሪ?» አንዳንዱ ቀብር አስፈጻሚ ያማረ ቢሮና አዳራሽ ኖሮት ማቀዝቀዣ ግን የለውም፤ አስከሬኑን ሌላ ቦታ ተከራይቶ ነው የሚያሳድረው። ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ሳይነግሯችሁ ሲቀር ነው።

ምርጫው የእናንተ የማይሆንበት ጊዜ

ከማወዳደራችሁ በፊት መምረጥ ትችሉ እንደሆነ እወቁ። ሞቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ የመኪና ወይም የሥራ አደጋ ከሆነ፣ ጥቃት ወይም ራስን ማጥፋት ከተጠረጠረ፣ ወይም ምክንያቱ ካልታወቀ፣ በአብዛኛው አገር ሕጉ አስከሬኑን ወደ ምርመራ ይወስደዋል። የቤተሰብ ፈቃድ አይጠየቅም። ቀብር አስፈጻሚ ብትቀጥሩም ማቆያው ካልለቀቀ አስከሬኑን ማንሳት አይችልም። «እኔ አፈጥንላችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

የሆስፒታሉ ሐኪም የበሽታውን ነገር በደንብ ለማወቅ ብሎ የሚጠይቀው ምርመራ ግን ሌላ ነው። እሱ በፈቃዳችሁ ነው። እምቢ ማለት ትችላላችሁ፣ ወይም «ይሄን ክፍል ብቻ እዩ» ብላችሁ መገደብ ትችላላችሁ። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው፤ ወረቀቱን የያዘው ሰው ፊርማችሁን የሚለምን ከሆነ ምርጫው የእናንተ ነው።

የአስከሬን ምርመራ ራሱ በአብዛኛው የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ሳምንታት የሚፈጀው የላብራቶሪው ውጤት ነው፤ የመርዝና የመድኃኒት ምርመራው፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና። ብዙ ጊዜ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ አስከሬኑን ለማስቀረት ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ሳይሆን «አስከሬኑ መቼ ይለቀቃል?» ነው የሚጠየቀው። ይሄን ባለማወቅ ቀብሩን ለሳምንታት የሚያዘገይ ቤተሰብ አለ።

ሌላም የሚያስፈራ ነገር አለ፤ «ተቆራርጧል፣ አይታይም» ይባላል። እውነቱ እንዲህ ነው። የሚከፈተው ደረትና ሆድ፣ ካስፈለገም የራስ ቅል ነው፣ የራሱ ቅድ ደግሞ ከፀጉሩ ሥር ወደ ኋላ ይሆናል። ተሰፍቶ፣ ለብሶ፣ ትራስ ላይ ሲጋደም በአብዛኛው አይታይም። መሰናበት የፈለጉ ሰዎች በዚህ ፍርሃት ብቻ ሳያዩ መቅረት የለባቸውም።

ማቆያው ውስጥ ምን ይደረጋል

አስከሬን ሲገባ እጅ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ መለያ ይታሰራል። ስም፣ ቁጥር፣ የገባበት ቀን። ያው ቁጥር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ሲወጣም ሦስቱ ማለትም መለያው፣ መዝገቡና እናንተ የያዛችሁት ወረቀት መገጣጠም አለባቸው። አብሮ የመጣ ንብረት ይመዘገባል፤ ቀለበት፣ ሰዓት፣ ስልክ፣ ኪስ ውስጥ የተገኘ ገንዘብ። ዝርዝሩን ሳታነቡ አትፈርሙ። ቀለበቱ ጣት ላይ ይቅር ካላችሁ ይቅር መባሉ ራሱ ይጻፍ።

ስትረከቡ ደግሞ መለያውን ብቻ አትዩ፣ ፊቱን ብቻም አትዩ። ሁለቱንም እዩ። የሰው ፊት ከሞተ በኋላ ይለወጣል። ጡንቻው ይላላል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ አንዳንዴ ያብጣል። በለቅሶ የደከመ ዓይን ደግሞ በቀላሉ ይሳሳታል። አስከሬን ተቀያየረ የሚባለው ክፉ ነገር የሚደርሰው እንዲህ ባለ ጥድፊያ ላይ ነው። ሟቹን በደንብ የሚያውቅ፣ ልቡ ጠንከር ያለ ሰው ላኩ። ከቻላችሁ ሁለት ሰው።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቅ ወደ ጥርጣሬ የሚገባበትን ነገር ልንገራችሁ። አስከሬን ሲታጠብ ጀርባው፣ መቀመጫው፣ ባቱ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰፊ ጥቁረት ይታያል። ከአልጋው ጋር ተጣብቆ የቆየው ቦታ ደግሞ፣ ትከሻው አካባቢ ለምሳሌ፣ ነጣ ብሎ ይቀራል። «ደብድበውታል!» ተብሎ ጩኸት ይነሳል። አይደለም። ልብ ሲቆም ደም በስበት ወደ ታች ይወርድና በታችኛው በኩል ይጠራቀማል፣ ከሰዓታት በኋላም እዚያው ይረጋል። የሰውነት መድረቅም እንዲሁ ነው። ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ይጀምራል፣ ከሞተ 12 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ይጠነክራል፣ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ራሱ ይለቃል። ልብስ ለማልበስ አስቸገረ ማለት ሌላ ነገር ደረሰበት ማለት አይደለም።

ግን እውነተኛ ጥርጣሬ ካላችሁ፣ ማለትም አሟሟቱ ራሱ ካላማራችሁ፣ ከአጠባውና አስከሬኑ እንዳይበሰብስ መድኃኒት ከመወጋቱ በፊት ተናገሩ። ይሄ መድኃኒት፣ ማለትም ፎርማሊን፣ ከገባ በኋላ የመርዝ ምርመራው ይበላሻል። ቀብር አስፈጻሚው ሥራውን ጀምሮ ሳለ «ቆይ፣ ይመርመርልን» ማለት ብዙ ጊዜ የረፈደ ነው።

ቅዝቃዜውን በተመለከተ የተለመደው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይሄ መበስበስን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ለቀናት አስተማማኝ ነው፣ እንደ ሁኔታውም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ። ለወራት መቆየት ካለበት፣ ለምሳሌ ማንነቱ ካልታወቀ፣ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ምርመራ ያልተደረገለትን አስከሬን ማቀዝቀዝ እንጂ በረዶ ማድረግ አይመከርም፣ በረዶው የሰውነትን ህዋስ ስለሚጎዳ። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ። ካለም በሩ ስንቴ እንደሚከፈትና ቦታው ምን ያህል እንደተጨናነቀ በዓይናችሁ እዩ። በመደርደሪያው ምትክ ወለል ላይ አስከሬን ካያችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ቀብር አስፈጻሚው ጋ

ይሄ ሙያ በብዙ አገር ያደገው ሳጥን ከሚሠሩ አናጺዎች ነው። ሳጥኑን የሚሠራው ሰው ጋሪውንም ማቅረብ ጀመረ፣ ከዚያ አጠባውን፣ ከዚያ አዳራሹን። ዛሬም ከሒሳቡ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትልቁ የሳጥኑ ነው፤ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁም ውዱን ነው። ያ ሁሉ ዕቃ እንዲያስደነግጣችሁ አትፍቀዱ። ጥሩ ቀብር አስፈጻሚ የሚታወቀው በሳጥኑ አይደለም፣ በሚጠይቃችሁ ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ አስከሬኑ ተከፍቶ የሚታይ ከሆነ ጥሩ ባለሙያ የቅርብ ጊዜ ፎቶ አምጡ ይላል። ፀጉሩን በየት በኩል እንደሚያበጥር፣ ጢሙን እንደሚያሳድግ ወይም እንደሚላጭ፣ መነጽር ሳያደርግ የማይታይ ሰው እንደነበር ይጠይቃል። እጀ ረጅምና ኮሌታ ያለው ልብስ ይመርጣል፤ የመርፌ ወይም የስፌት ምልክት የሚሸፍን ስለሆነ። ፎቶ ሳይጠይቅ ሜካፕ የሚጀምር ሰው እናንተ የማታውቁትን ሰው ነው ሠርቶ የሚያሳያችሁ። ልጆች ያሏችሁ ሰዎች ይሄን አደራ! ልጅ የመጨረሻውን ፊት አይረሳም።

ቤተሰብ ራሱ ማጠብና መገነዝ ከፈለገ ከመዋዋል በፊት ይጠየቅ። አንዳንዱ ክፍል አዘጋጅቶ ያስተናግዳል፣ አንዳንዱ «ሠራተኛ ብቻ ነው የሚገባው» ይላል። በበኩሌ፣ ቤተሰቡ ፍላጎት እያለው በሩን የሚዘጋ ድርጅት አልመርጥም።

ቀኑን ቁጠሩ

ምርጫውን የሚወስነው ከሞት እስከ ቀብር ያለው ቀን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ቀብሩ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ከሆነ ከማቆያው የሚያስፈልጋችሁ ለአንድ ሌሊት ቅዝቃዜና በትክክል የተሞላ ወረቀት ነው። ከቀብር አስፈጻሚ ደግሞ ሳጥንና መኪና፣ ካስፈለገም አጠባ። ፎርማሊን አያስፈልግም። «ለጥንቃቄ እንውጋው» ቢሏችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ «ሁሉም ያደርጋል» መልስ አይደለም።

ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ እየጠበቃችሁ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቀን ከሆነም ጥሩ ማቀዝቀዣ በአብዛኛው ይበቃል። ማስታወስ ያለባችሁ አስከሬኑ ለስንብት ሲወጣ ብዙ ሰዓት ሙቅ ክፍል ውስጥ እንዳይቆይ ነው። በሞቃት አዳራሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ እንዲቆይ ከታሰበ ያኔ መድኃኒት መውጋቱ ትርጉም ይኖረዋል። ሰውየው ከመገኘቱ በፊት ቤት ውስጥ ቀናት ቆይቶ ከሆነ፣ ወይም ከፍተኛ ኢንፌክሽን ይዞት ከነበረ፣ ሒሳቡ ይለወጣል። መበስበሱ ቀድሞ ስለጀመረ ማቀዝቀዣው ብዙ አያግዝም፤ መድኃኒቱም ቢሆን የተበላሸውን አይመልስም። እንዲህ ሲሆን ሳጥኑ ተዘግቶ ቶሎ መቅበሩን ነው የምመርጠው።

ከሳምንት በላይ ከሆነና አስከሬኑ እንዲታይ ከተፈለገ፣ ወይም ድንበር የሚሻገር ከሆነ፣ ያኔ ፈቃድ ያለው ባለሙያና መውጊያ ክፍል ያለው ድርጅት በአብዛኛው የግድ ነው።

መውጋቱ ምንድነው?

ባለሙያው አንገት አካባቢ ያለውን ትልቅ ደም ወሳጅ ይከፍትና ፎርማልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል ያለበትን ፈሳሽ (ፎርማሊን የምንለውን) በማሽን ይገፋል፣ ደሙ ደግሞ ከጎኑ ባለው ደም መላሽ ይወጣል። እግርና እጅ እየታሸ ፈሳሹ ጣት ድረስ እንዲደርስ ይደረጋል። ከዚያ ደረትና ሆድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በረጅም ባዶ ቱቦ ተመጥጦ በመድኃኒት ይተካል። በአጠቃላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ምርመራ የተደረገለት አስከሬን ግን ደም ሥሮቹ ስለተቆረጡ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ይወጋል፣ ጊዜውም ሒሳቡም ይጨምራል።

ይሄ ዘዴ የተስፋፋው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. ነው። የወታደሮችን አስከሬን ወደ ቤተሰባቸው ለመላክ ነበር የተፈለገው። የፕሬዚዳንት ሊንከን አስከሬንም በ1865 እንዲህ ተዘጋጅቶ በባቡር ከዋሽንግተን እስከ ስፕሪንግፊልድ ሲጓዝ ሕዝቡ በየከተማው አየው። ሲጀመር ለረጅም መንገድ የታሰበ ነገር ነው ማለት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ለሚቀበር ሰው እንደ ግዴታ ሲቀርብ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። ለዘላለም አያቆይም፣ ጤናንም አያስጠብቅም። እንዲያውም ፎርማልዲሃይድ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ከመደባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ አደጋው ያለው በየቀኑ ለሚተነፍሱት ሠራተኞች ነው። ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድ ከሆነም ገና በመጀመሪያው ስልክ ላይ ተናገሩ፣ በጽሑፍም ይስፈር።

ሞቱ እንደ ኢቦላ ባለ ተላላፊ በሽታ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ንጽጽር ይቀራል። አጠባም መውጋትም የለም፣ የሠለጠነ ቡድን ነው የሚቀብረው። መንካት ራሱ በሽታውን ያስተላልፋልና ቤተሰቡ በርቀት መሰናበት አለበት።

ድንበር ሲሻገር

እዚህ ላይ ማቆያ ብቻውን አይረዳችሁም። በዚህ ሥራ ልምድ ያለው ቀብር አስፈጻሚ ያዙ። የሚጠየቀው ወረቀት እንደየአገሩ ቢለያይም የሞት ማስረጃ፣ አስከሬኑ በመድኃኒት ስለመዘጋጀቱ የባለሙያ ማረጋገጫ፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤና የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ፈቃድ የተለመዱ ናቸው። በ1937 በርሊን ላይ፣ በ1973 ደግሞ ስትራስቡርግ ላይ የተፈረሙ ስምምነቶች የአስከሬን ማለፊያ ወረቀትን ወጥ አድርገዋል፤ የሚሠሩት ግን በፈረሙት አገሮች መካከል ብቻ ነው። ሳጥኑ ፈሳሽ የማያሳልፍ፣ ውስጡ የሚመጥጥ ነገር የተነጠፈበት መሆን አለበት። የስትራስቡርጉ ስምምነት በአየር ለሚሄድ ሳጥን የውስጥና የውጭ ግፊትን የሚያመጣጥን መሣሪያ፣ እሱ ከሌለም ሳጥኑ በቂ ጥንካሬ እንዳለው በሚመለከተው ባለሥልጣን መታመኑን ይጠይቃል። ቀብር አስፈጻሚውን «ባለፈው ወደዚያ አገር የላካችሁት መቼ ነው?» በሉት። መልሱ ከተንተባተበ ሌላ ፈልጉ። በወዲያኛው በኩል የሚረከበው ማን እንደሆነም ስሙና ስልኩ ከመብረሩ በፊት ይታወቅ፤ አስከሬን ካርጎ ውስጥ ተቀባይ አጥቶ ማደር የለበትም።

ማቃጠል ከተመረጠ

ማቃጠያው ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፣ ሥራው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ የሚመለሰው የተፈጨ አጥንት ነው። ከተቃጠለ በኋላ ምርመራ ስለማይቻል በብዙ አገር ከቀብር የበለጠ ፊርማ ይጠየቃል። ሟቹ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ተተክሎለት ከነበረ አደራ ተናገሩ። ባትሪው እሳት ውስጥ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ቀድሞ መውጣት አለበት። ድርጅቱ የራሱ ማቃጠያ አለው ወይስ ሌላ ቦታ ይልካል፣ መለያውስ እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል ወይ፣ ይሄ መጠየቅ አለበት።

ስለ ክፍያው

የማቆያው ሒሳብ በአብዛኛው በቀን ነው የሚታሰበው፤ ስለዚህ ወረቀት ሲጓተት ክፍያው ይቆጥራል። መቼ እንደሚጀምርና የገባበት ቀን እንደሚታሰብ ጠይቁ። የቀብር አስፈጻሚው ግን በጥቅል ይመጣል፣ ጥቅሉ ውስጥ ደግሞ የማትፈልጉት ነገር ይደበቃል። አሜሪካ ውስጥ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አለ። ድርጅቱ በአካል መጥቶ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ዝርዝር ዋጋ በጽሑፍ መስጠት፣ በስልክም መናገር አለበት። ሕግ ሳያስገድድ «መድኃኒት መውጋት የሕግ ግዴታ ነው» ማለት አይችልም፣ ሳጥን ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ ብትመጡም ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቀበል አለበት። እናንተ የምትኖሩበት አገር ይሄ ሕግ ባይኖርም ጥያቄዎቹን መጠየቅ የሚከለክላችሁ የለም። በዝርዝር ጻፉልኝ በሉ። እምቢ ያለውን ትታችሁ ቀጣዩ ጋ ደውሉ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ አስከሬን ሁለት ስልክ እስክትደውሉ ይጠብቃችኋል።

የሚደውለውም የሚፈርመውም ሰው ከሐዘኑ ትንሽ ራቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ሳይሆን የአክስት ልጅ፣ የቅርብ ወዳጅ። ፊርማው ግን ሕጉ የቅርብ ቤተሰብ ነው የሚለው ሰው መሆን ካለበት እሱ ከመፈረሙ በፊት ወዳጁ ያንብብለት።

አንድ የሰዓት ጉዳይም አለ። ሟቹ ዓይኑን ሊለግስ ቃል ገብቶ ከነበረ የዓይን ብሌን የሚወሰደው ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ይሄ የማቆያውም የቀብር አስፈጻሚውም ውሳኔ አይደለም፣ ለሆስፒታሉ ወዲያው የሚነገር ነው። የሞት ማስረጃውን ስታወጡ ደግሞ ከአንድ በላይ ዋና ቅጂ ጠይቁ፤ ባንክ፣ ጡረታ፣ ኢንሹራንስ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሊፈልግ ይችላል። ከመውሰዳችሁ በፊትም በእያንዳንዱ ላይ የስሙን ፊደል ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ እዚያው መስኮት ላይ ሳላችሁ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከቀብር በኋላ ግን ብዙ ያመላልሳል።